«ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ» ከተባለ «ግራህ አትወቅ» ለምን ተባለ? በብርሃን ሳምንት የተነሣ የወጣቶች ጥያቄ

ዘድሬ (ድሬዳዋ)፦

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን። በድሬዳዋ በሚገኝ አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ከ15 እስከ 18 ዓመት የሚሆናቸውን ወጣቶች አስተምራለሁ። በጾመ ነቢያት፣ ከገና በፊት ባለው ጾም፣ ውስጥ ከሚውሉት ሦስቱ ሰንበታት፣ ማለትም ከስብከት፣ ከብርሃንና ከኖላዊ፣ የመካከለኛው ተራ ለእኔ ስለ ደረሰ፣ ከታኅሣሥ 14 እስከ 20 ባሉት ቀናት ውስጥ በሚውለው እሑድ ስለ ብርሃን አስተምራለሁ። የዕለቱን ወንጌል፣ የዮሐንስን ምዕራፍ 1፣ አንብቤ ክርስቶስ እውነተኛው ብርሃን መሆኑን ማስረዳቱ አያስቸግረኝም። ነገር ግን ልጆቹ በቅርቡ ያነሷቸው ጥያቄዎች በዚህ ብቻ የሚመለሱ ስላልመሰለኝ ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «እግዚአብሔር በመጀመሪያው ቀን ብርሃን ይሁን ካለ፣ ፀሐይም በአራተኛው ቀን ከተፈጠረች፣ ያ የመጀመሪያው ብርሃን ምን ዓይነት ብርሃን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌላው ልጅ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን አምፖል እየበራ በላዩ ላይ ጧፍ ማብራት ምን ይጨምራል ይላል። እነዚህ ሁለቱ አጫጭር መልስ ሊበቃቸው ይችላል።

ክፍሉን ለሁለት የከፈለው ግን ሌላ ነው። ልጆቹ ከራሳቸው ኪስና ከምእመናን በሰበሰቡት ገንዘብ ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና ገዝተው በደቻቱ ወንዝ ዳርቻ ለሚኖሩ ጥቂት ቤተሰቦች አደረሱ። አብሯቸው የሄደ አንድ ወጣት ሁሉንም በስልኩ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። በምስሉ ላይ አንዲት እናት ዘይቱን ሲቀበሉ ፊታቸው በግልጽ ይታያል፤ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ለመሸፈን ሲሞክሩ ከልጆቹ አንዷ «ወደዚህ ይዩ» ስትላቸው ይሰማል። ሰፈሩ ሁሉ አየው። የሴትዮዋ ልጅ በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄደም።

ቀራጩና ጓደኞቹ «መልካሙን ሥራችሁን አይተው በሰማያት ያለውን አባታችሁን እንዲያከብሩ ብርሃናችሁ እንዲሁ በሰው ፊት ይብራ» የሚለውን የማቴዎስ 5፥16 ቃል ይጠቅሳሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከአንድ ምዕራፍ በኋላ ያለውን «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» የሚለውን ያነሣሉ። ሁለቱም የጌታ ቃል ናቸው፤ ሁለቱም የተነገሩት በአንድ ተራራ ላይ፣ በአንድ ስብከት ውስጥ ነው። አንዱን ይዤ ሌላውን እንዳልጥል ምን ብዬ ላስረዳቸው?


መምህር ዘሐረር፦

ወንድሜ ዘድሬ፣ አገልግሎትህን እግዚአብሔር ይባርክልህ። ከተማሪዋ ጥያቄ ልጀምር፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የምትጠይቅ ልጅ በክፍልህ ስላለችህ ደስ ይበልህ።

በቤተ ክርስቲያናችን የሥነ ፍጥረት ትምህርት እሑድ የተፈጠሩት 8 ፍጥረታት ናቸው፤ እነርሱም መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስ፣ እሳት፣ ጨለማ፣ ሰማያት፣ መላእክትና ብርሃን ናቸው። ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት የተፈጠሩት ረቡዕ ነው። ብርሃን ከፀሐይ መቅደሙ ለጥንት አባቶች እንግዳ ነገር አልነበረም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ስድስቱ ቀናት ያስተማረው ቅዱስ ባስልዮስ፣ ፀሐይ ከብርሃን በኋላ የተፈጠረችው ሰዎች የብርሃን መገኛና አባት አድርገው እንዳያመልኳት ነው ይላል። ይህን ስታስረዳ የልጅቱን የፊዚክስ መጽሐፍ ከኦሪት ዘፍጥረት ጋር ለማጣላትም ሆነ በግድ ለማስታረቅ አትድከም፤ አባቶቻችን የጠየቁት ጥያቄ ሌላ ስለሆነ የሰጡትም መልስ ሌላ ነው።

የጠየቁትም ይህ ነው፤ ያ ብርሃን ለማን በራ? መጀመሪያ ያዩት መላእክት ናቸው። እንደ ትምህርታችን መላእክት በተፈጠሩ ጊዜ ፈጣሪያቸው ወዲያው አልተገለጠላቸውም፤ ስለዚህ «ማን ፈጠረን? ከየትስ መጣን?» እያሉ እርስ በርሳቸው ይጠያየቁ ጀመር። በዚህ መካከል ኋላ ሰይጣን የተባለው ሳጥናኤል «እኔ ፈጠርኋችሁ» አለ። ያመኑት ነበሩ፣ የተጠራጠሩም ነበሩ። ሁከት በሆነ ጊዜ ቅዱስ ገብርኤል «ንቁም በበህላዌነ እስከ ንረክቦ ለአምላክነ» አለ፤ አምላካችንን እስክናገኘው ድረስ በያለንበት ጸንተን እንቁም ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ እግዚአብሔር «ለይኩን ብርሃን» አለ፤ ብርሃኑም ለመላእክት ዕውቀት ሆኗቸው ፈጣሪያቸውን ለይተው አወቁ። እንግዲህ ለተማሪህ፣ ያ የመጀመሪያው ብርሃን ፍጥረት ፈጣሪውን ያወቀበት ብርሃን ነው ብለህ ብትነግራት ከሊቃውንቱ ቃል አልወጣህም።

ይህን ታሪክ ለወጣቶች በሰፊው እንድትተርክላቸው እመክርሃለሁ፤ ምክንያቱም ለዘመናቸው በጣም ቅርብ ነው። በጨለማው ሰዓት ቀድሞ የተሰማው ድምፅ የሐሰተኛው ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ 11፥14 ሰይጣን ራሱ የብርሃንን መልአክ ለመምሰል ራሱን እንደሚለውጥ ጽፏል። ልጆቹ በየቀኑ በስልካቸው «ብርሃን እኔ ጋር አለ፣ ፈውስ እኔ ጋር አለ፣ ሀብት እኔ ጋር አለ» የሚል ስንት ሰው ይሰማሉ? የቅዱስ ገብርኤል ጽናት ይህ ነው፤ ብርሃኑ እስኪመጣ ድረስ አለማወቁን ታግሦ ቆመ፤ ማንንም ተንደርድሮ አልተከተለም። ከልጆችህ መካከል ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ሄደው ሠለስቱ ደቂቅ (ሦስቱ ወጣቶች) ከእቶን እሳት የዳኑበትን በዓል የሚያከብሩ ብዙዎች እንደሚሆኑ አውቃለሁ። ክብረ በዓሉ በብርሃን ሳምንት ውስጥ ስለሚውል፣ ከመሄዳቸው በፊት ይህን የመልአኩን ቃል ቢሰሙት በመንገዳቸው ሁሉ የሚያስቡት ነገር ይሆናቸዋል።

ወደ ክርክሩ ስመጣ፣ ቁልፉ በዚያው በዕለቱ ወንጌል ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት 318 አባቶች ወልድን «ብርሃን ዘእምብርሃን» ብለው መስክረዋል፤ ከብርሃን የተገኘ ብርሃን ማለት ነው። ብርሃንነት የባሕርይ ገንዘቡ የሆነ እርሱ ብቻ ነው። «እኔ የዓለም ብርሃን ነኝ» ያለው አምላክ ለእኛም «እናንተ የዓለም ብርሃን ናችሁ» ሲለን በጸጋ ነው። ይህን ልዩነት በሰው ሕይወት ላይ ለማየት መጥምቁ ዮሐንስን ተመልከት፤ ወንጌላዊው «እርሱ ብርሃን አልነበረም» ይላል፣ ሊመሰክር ነው የመጣው። ጌታ ግን በዮሐንስ 5፥35 «የሚነድና የሚያበራ መብራት» ብሎ አከበረው። ዮሐንስ ሕዝብ ሁሉ ወደ እርሱ ሲጎርፍ ጣቱን ወደ ሌላው ቀሰረ፤ ደቀ መዛሙርቱ ትተውት ኢየሱስን ሲከተሉም አልከለከላቸውም። ከሰው ተሰውሮ አልኖረም፣ በአደባባይ ነበረ፤ ሆኖም ያየው ሰው ሁሉ ወደ ክርስቶስ አለፈ። ልጆቹ የቀረጹትን እንደገና ይዩትና ተመልካቹ ከምስሉ ወደ ማን እንደሚያልፍ እርስ በርሳቸው ይጠያየቁ።


የሳቢያን ነዋሪ (ድሬዳዋ)፦

መምህር፣ ስለ ሰጡን ትምህርት አመሰግናለሁ። እኔ ከወንጌላውያን አማኞች ወገን ነኝ፤ በጧፉ ጉዳይ ልማዳችን የተለያየ ስለሆነ በዚያ ላይ አልናገርም። በሁለቱ ጥቅሶች ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር።

ሁለቱን ቃላት የሚያጋጨን ግማሽ ግማሻቸውን ስለምንጠቅስ ነው። የማቴዎስ 5፥16 መጨረሻ የሥራውን ፍሬ ይናገራል፤ ሰዎች አይተው አብን ያከብራሉ። የማቴዎስ 6፥1 ደግሞ የሚከለክለውን በግልጽ ያስቀምጣል፤ ለሰዎች ለመታየት ብላችሁ መልካም ሥራችሁን በፊታቸው አታድርጉ ይላል። በፊተኛው ሥራው ስለተሠራ ይታያል፤ በኋለኛው እንዲታይ ሲባል ይሠራል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ሁለቱ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፣ ሠሪው ግን ልቡ ያውቀዋል። ለልጆቹ አንድ ጥያቄ አቅርብላቸው፦ ካሜራ ባይኖር ኖሮ ያንን ቀን ያንን ዱቄት ተሸክመው ይሄዱ ነበር? «አዎ» ካሉ ሥራቸው ንጹሕ ነው፤ ቪዲዮውን ማጥፋትም አይከብዳቸውም።

ሌላው፣ ሐዋርያው ዮሐንስ ብርሃንን የሚለካበት መለኪያ አለው። በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 2፣ በብርሃን አለሁ እያለ ወንድሙን የሚጠላ እስከ አሁን በጨለማ ነው ይላል፤ ወንድሙን የሚወድ በብርሃን ይኖራል፣ ማሰናከያም የለበትም። እነዚያ እናት ተሰናክለዋል፣ ልጃቸውም ተሰናክሏል። ልጆቹ በክፋት እንዳላደረጉት አምናለሁ፤ ነገር ግን በሐዋርያው መለኪያ ስንሄድ የሚመዘነው እነዚያ እናት በማግስቱ ከቤታቸው እንዴት እንደ ወጡ ነው።


እኅታችሁ ከለገሃሬ፦

ቃለ ሕይወት ያሰማልን መምህር። የሳቢያኑ ወንድማችን ያነሣው ነገር ልቤን ስለነካው ነው የምጽፈው። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ስለ ብርሃን በሥራዬ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

አንድ ሌሊት ተረኛ ሳለሁ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ያለው ጊዜ ለሌላ ሰው አጭር ነው፤ ወልዳ ደም ለሚፈስሳት እናት ግን እጅግ ረጅም ነው። በክፍሉ ውስጥ ምራታቸውን ለማስታመም የመጡ አንዲት ሙስሊም እናት ነበሩ። ምራታቸው በሌላው አልጋ ተኝታለች፤ እኔ የምሰፋት ወላድ ለእርሳቸው ምናቸውም አይደለችም። የስልካቸውን መብራት አብርተው ቀረቡኝና «ልጄ፣ የት ላብራልሽ?» አሉኝ። ቦታውን አሳየኋቸው። ወላዷ አፍራ ፊቷን ስታዞር እርሳቸውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ፤ ክንዳቸው ሲዝል ቀኛቸውን በግራቸው ደገፉት እንጂ ብርሃኑን ከመርፌዬ ጫፍ ላይ አላነሡትም። የእርሳቸውን ፊት ያየሁት መብራቱ ከመጣ በኋላ ነው።

እንደ ክርስቲያን ስለ ብርሃን ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ «የት ላብራልሽ?» የሚለው ቃል ግን ከሁሉ በላይ አስተምሮኛል። ከማብራታችን በፊት ልንጠይቅ ይገባል። ዱቄት የተቀበሉት እናት ቢጠየቁ ኖሮ የት እንዲበራላቸው እንደሚፈልጉ ያውቁ ነበር፤ ምናልባት በልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ላይ፣ ምናልባትም በሚያፈስሰው ጣራቸው ላይ፤ ፊታቸው ላይ ግን ባልሆነ ነበር። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እውነተኛው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ፣ የተራቆተውንም ማልበስ እንደሆነ ከተናገረ በኋላ «የዚያን ጊዜ ብርሃንህ እንደ ንጋት ይበራል» ይላል። የተራቆተ ይሸፈናል፤ ቀጥሎም ብርሃን ይወጣል። አሁን በጾመ ነቢያት ላይ ስለሆንን ይህን ምዕራፍ ከልጆቹ ጋር ሙሉውን ብታነብቡት እወዳለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህ ደግሞ ለአገልጋዮች ነው። በየስብሰባው «እንደ ሻማ ቀልጦ ለሌላው ማብራት» ይባላል። በነርስነትም በሰንበት ትምህርት ቤትም ይህን ቃል ይዘው የደከሙ፣ በመጨረሻም አገልግሎቱንም ጸሎቱንም ትተው የሄዱ ሰዎችን አይቻለሁ። ጌታ በማቴዎስ 25 ስለ ዐሥሩ ደናግል ሲናገር ልባሞቹ ከመብራታቸው ጋር በማሰሮ ዘይት ይዘው ነበር። ሰነፎቹ ዘይት በጠየቁ ጊዜም «ለእኛና ለእናንተ ባይበቃስ» ብለው ወደ ሻጮቹ ላኳቸው። በልጅነቴ ይህ መልስ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚያበራ ሰው አስቀድሞ የሚሞላበት ሰዓት እንደሚያስፈልገው ሲነግረኝ እሰማዋለሁ፤ ጸሎቱ፣ ንባቡ፣ ዕረፍቱም ጭምር። ወንድሜ ዘድሬ፣ ልጆችህን ለመልካም ሥራ ስታሰማራ ይህንንም ንገራቸው፤ ገና ወጣቶች ናቸውና ኃይላቸው የማያልቅ ይመስላቸዋል።


የጁገል እናት (ሐረር)፦

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ። በመምህርነት ስሠራ ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። የጧፉን ጥያቄ ሁላችሁም ስላለፋችሁት እኔ ልመልስ።

ጧፍ በቤተ ክርስቲያን የሚበራው ጨለማን ለመግፈፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ አምፖል በገባ ጊዜ ይቀር ነበር። ነገር ግን ድሮም ቢሆን ወንጌል ሲነበብ በጠራራ ፀሐይ ጧፍ ይበራል። ይህ የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም፤ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጻፈው ጄሮም የተባለው አባት፣ በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ወንጌል ሊነበብ ሲል ፀሐይ እየበራችም ቢሆን መብራት እንደሚበራና ይህም የደስታ ምልክት እንደሆነ መስክሯል። ለሚገባው ንጉሥ ክብር ነው። ኦሪትም በዘጸአት 27፥20 የእስራኤል ልጆች መብራቱ ሁልጊዜ እንዲበራ የወይራ ዘይት ያመጡ ዘንድ ታዛለች። ልብ በሉ፣ ዘይቱን እንዲያመጣ የታዘዘው ሕዝቡ ነው። የእግዚአብሔር ቤት መብራት ከሰው እጅ እንዲመጣ እርሱ ወደደ።

ልጁ የጧፍን አሠራር አይቶ የማያውቅ ከሆነ ብታሳዩት ደስ ይለኛል። እናቴ ጥጡን ባዝታ፣ በእንዝርት ፈትላ፣ ክሩን ደርባ ታከርረው ነበር። ሰሙን በሸክላ አቅልጣ ክሩን ነክራ ታወጣውና፣ ትኩሱን በመዳፏ እያሸች ታስተካክለዋለች፤ እጇ ለቀናት የማር ሰም ይሸታል። ዛሬ አብዛኛው የሚሸጠው በፋብሪካ ሰም የተሠራ ነው፤ ቢሆንም በቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንዲት ጧፍ ለመግዛት የማይችል ሰው ጥቂት ነው። ሀብታሙ መጋረጃና ምንጣፍ በሚሳልበት በዓል ላይ ድኻዋም ጧፏን ይዛ እኩል ትቆማለች። አምፖሉን ያስገባው ኮሚቴው ነው፤ ጧፉ ግን የእርሷ ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

በቤታችንም ጧፍ አገልግሎት አለው። በጁገል መንገዱ ጠባብ፣ ግድግዳው ተያያዥ ስለሆነ መብራት ሲሄድ ሁላችንም አብረን እንጨልማለን። በረመዳን በማፍጠሪያ ሰዓት መብራት ከሄደ የጎረቤቶቼ ልጅ በሩን ያንኳኳና «እማዬ፣ ጧፍ አለሽ?» ይለኛል። ከበዓል የተረፈውን እሰጠዋለሁ። በእኔ ቤት ለቅሶ በሆነ ጊዜ ደግሞ እነርሱ ናቸው ሌሊቱን ፋኖስ ይዘው በደጅ የተቀመጡት። ለዚህ ማንም ስብከት አልሰበከልንም፤ ሲደረግ አይተን ነው ያደግነው።


ሒሳብ ያዥ (ድሬዳዋ)፦

የተባለው ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጆቹ ከዚህ ውይይት ተነሥተው «ምንም ነገር አይታይ» ወደሚል ድምዳሜ እንዳይሄዱ እሠጋለሁ። በሰበካ ጉባኤ በሒሳብ ሥራ ስለማገለግል ይህን በኃላፊነት እናገራለሁ።

ከምእመናን የተሰበሰበ ገንዘብ አለ። የሰጡት ሰዎች ገንዘባቸው የት እንደ ደረሰ የማወቅ መብት አላቸው። ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድኾች የተዋጣውን ገንዘብ ሲያስልክ ብቻውን አልያዘውም፤ ቲቶንና በአብያተ ክርስቲያናት የተመሰገኑ ወንድሞችን አብሮ ላከ። ምክንያቱንም በ2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20 እና 21 ላይ ያስቀምጣል፤ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል። ጌታም ለኒቆዲሞስ ሲናገር ክፉ የሚያደርግ ብርሃንን እንደሚጠላ፣ እውነትን የሚያደርግ ግን ሥራው እንዲገለጥ ወደ ብርሃን እንደሚመጣ አስተምሯል። እኔ ሒሳብ በምዘጋበት ቀን ሁሉ ይህ ቃል ከፊቴ አይጠፋም።

ስለዚህ ልጆቹ ሊያሳዩት የሚገባ ነገር አላቸው። የገቢውን ደረሰኝ፣ የዱቄቱንና የዘይቱን የግዢ ደረሰኝ፣ ስንት ቤተሰብ እንደ ደረሰውና ስንት ብር እንደ ቀረ ጽፈው በሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉ፤ ቲክቶክ ላይም ይህንኑ ቢያሳዩ የሚቃወማቸው የለም። የተቀባዮቹ ስም ዝርዝር በሦስት ሰው ተፈርሞ በታሸገ ፖስታ በጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ብርሃኑ በሰጪውና በአስተባባሪው ላይ ይውደቅ፤ ተቀባዩ ይከደን። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ በደንብ የተቀረጸ ቪዲዮ የጎደለ ደረሰኝን ሲሸፍን አይቻለሁና፣ ወጣቶቹ ይህን ልማድ ከአሁኑ ቢይዙት ለቤተ ክርስቲያንም ለአገርም ይጠቅማሉ።


ዘድሬ፦

ቃለ ሕይወት ያሰማልን፤ የአገልግሎት ዘመናችሁን ያርዝምልን። ትናንት ማታ ከልጆቹ ጋር ተቀምጠን ጽሑፎቻችሁን አንድ በአንድ አነበብንላቸው። ቪዲዮውን የቀረጸው ወጣት «የት ላብራልሽ?» የሚለው ላይ ስንደርስ ዝም አለ፤ ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮውን አጠፋው። ደረሰኞቹን ሁለት ልጃገረዶች ለመሰብሰብ ተነሥተዋል፤ ከሱቁ ያልወሰዷቸው ስላሉ ተመልሰው ይጠይቃሉ።

አሁን የቀረን አንድ ነገር ነው። ልጆቹ ወደ እነዚያ እናት ሄደው ይቅርታ ሊጠይቁ ይፈልጋሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ስሕተቱ በአደባባይ ስለሆነ ይቅርታውም በአደባባይ፣ በዚያው ቲክቶክ ላይ መሆን አለበት ይላሉ። መምህር፣ እርስዎ ምን ይመክሩናል? በእሑዱ ትምህርትስ በየትኛው ቃል ልጀምር?


መምህር ዘሐረር፦

ይቅርታውን በአደባባይ አታድርጉት። ያላየው ሰው ፈልጎ ያየዋል፤ የረሳውም ያስታውሳል። ከእሑድ በፊት፣ ቅዳሜ አመሻሹ ላይ፣ ቀራጩ፣ «ወደዚህ ይዩ» ያለችው ልጅና አንዲት እናት ሆናችሁ ሂዱ፤ ከሦስት ሰው አትብለጡ፣ ዩኒፎርምም አትልበሱ። ልጆቹ ራሳቸው ይናገሩ፣ ሌላ ሰው አይናገርላቸው። ልጃቸው በቤት ካለ እርሱንም ለብቻው ያነጋግሩት፤ ከእናቱ ይልቅ የከበደው እርሱን ሊሆን ይችላልና። በዚያ ቀን ዱቄትም ዘይትም ይዛችሁ አትሂዱ፤ ይቅርታው በስጦታ የተገዛ እንዳይመስል። የሚያስፈልጋቸውን ከነገሯችሁ በሌላ ቀን ተመለሱበት።

ለትምህርቱ በዕለቱ ምስባክ፣ ከወንጌል በፊት በዜማ በሚባለው የመዝሙር ቃል፣ ጀምር፤ በእኛ አቆጣጠር መዝሙር 42 ቁጥር 3 ነው፦ «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ፤ እማንቱ ይምርሃኒ ወይሰዳኒ ደብረ መቅደስከ።» ብርሃንህንና ጽድቅህን ላክ፣ እነርሱ ይምሩኝ ማለቱ ነው። በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ቁጥሩ 43 ሆኖ ሊያገኙት ስለሚችሉ አስቀድመህ ንገራቸው። ዜማውን የሚችል ዲያቆን ካለ ያሰማቸው፤ ከዚያ ወደ ዮሐንስ 1 ግባ፣ መጥምቁ ጋ ስትደርስም አትቸኩል። የተማሪዋን ጥያቄ ግን አስቀድመህ መልስላት፤ ብዙ ጠብቃለች።